4,294,967,295፦ በግምጃ ቤታችን ኮምፒውተር ላይ የወጣው ቁጥር ከየት መጣ?

ባለ ቁልፉ (ገላን) — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ40

ጤና ይስጥልኝ። ገላን ውስጥ፣ ከአዳማ መንገድ ገባ ብሎ ባለ የዱቄት ግምጃ ቤት በዕቃ ጠባቂነት እሠራለሁ። ዛሬ የገጠመኝን ልንገራችሁና የምታውቁ አስረዱኝ።

ከቀኑ 10 ሰዓት ግድም ለአንድ ዳቦ ቤት አንድ ከረጢት የፉርኖ ዱቄት አወጣሁ። ወጪውን ኮምፒውተሩ ላይ ስመዘግብ፣ «ከወጪ ቀሪ» በሚለው ሣጥን ውስጥ 4,294,967,295 የሚል ቁጥር ተደረደረ። ከአራት ቢሊዮን በላይ ከረጢት ማለት ነው። ኮምፒውተሩን አጥፍቼ አበራሁት፤ ያው ነው። ቁጥሩን በቢን ካርዱ (የዕቃ ገቢና ወጪ መቆጣጠሪያ ካርድ) ጀርባ ላይ አንድ በአንድ ገለበጥኩና ሁለት ጊዜ አስተያየሁት፤ አልተሳሳትኩም።

ለኃላፊዬ ስደውል «ከሒሳቡ ጋር ተጫውተሃል» አለኝ። ሰኞ ጠዋት የጽሑፍ ማብራሪያ ይዤ እንድቀርብ ታዝዣለሁ። አሥራ አንድ ዓመት ቁልፍ ስይዝ አንድ ከረጢት ጎድሎብኝ አያውቅም። የምጠይቀው ይህን ነው፦ ይህ ቁጥር ዝም ብሎ የመጣ ነው ወይስ ትርጉም አለው? ለምን በትክክል ይህ ሆነ? መጨረሻውስ ለምን 295 ሆነ?


ጎረቤት (ቱሉ ዲምቱ) — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት

ወንድሜ፣ አይዞህ። በእኔ ግምት ኮምፒውተሩ ቫይረስ ገብቶበታል፤ ካልሆነም የይለፍ ቃልህን የሚያውቅ ሰው ነካክቶታል። በቁጥሩ ላይ ከመድከምህ በፊት ማን እንደገባበት አጣራ።


መምህር ዘሰንዳፋ — ቅዳሜ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ35

ቫይረስም የለም፣ ሌባም የለም። ሒሳብ ማስተማር ከጀመርኩ ከ20 ዓመት በላይ ሆኖኛል፤ ይህ ቁጥር ደግሞ አብዝቼ ከምወዳቸው አንዱ ነው። ስለዚህ ሰፋ አድርጌ ልጻፍ።

ባለ ቁልፉ፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ያዝ። ቁጥሩን ለሁለት ክፈል፤ የሚተርፈውን አንድ ተወው፤ የደረሰህን እንደገና ለሁለት ክፈል። አያቶቻችን ገበያ ላይ በጠጠር ሲያባዙ እንዲህ ነበር የሚያደርጉት፤ አንዱን ቁጥር እያጋመሱ ሌላውን ዕጥፍ እያደረጉ ይወርዳሉ። በውጭ አገር የሒሳብ መጻሕፍት ይህን ዘዴ ዛሬም «የኢትዮጵያ ማባዣ» ይሉታል።

4,294,967,295 ሲጋመስ 2,147,483,647 ይሆናል፤ አንድ ይተርፋል። እሱ ሲጋመስ 1,073,741,823፤ አንድ ይተርፋል። ቀጥሎ 536,870,911፤ አሁንም አንድ ይተርፋል። እንዲህ እያልህ ወደ 15፣ ወደ 7፣ ወደ 3 ወርደህ 1 ላይ ትቆማለህ። መስመሮቹን ቁጠራቸው፤ 32 ናቸው፤ ከሁሉም ላይ ተጋማሽ የሆነ አንድም አታገኝም። በአያቶቻችን ማባዣ በተጋማሽ ቁጥር የሚጀምር መስመር ይሰረዛል። በ32 መስመር ከሚያልቁት ቁጥሮች ሁሉ አንድም መስመር የማይሰረዝበት ይህ አንድ ብቻ ነው።

ኮምፒውተርህም ቁጥርን የሚይዘው በዚሁ መንገድ ነው። ለቀሪው ሒሳብ 32 ቤት ተመድቦለታል፤ እያንዳንዱ ቤት ወይ 1 ወይ 0 ይይዛል። ሁሉም ቤቶች 1 ሲሆኑ የሚነበበው ያንተ ቁጥር ነው፤ ከዚያ በላይ መቁጠር አይችልም። የአሮጌ መኪና ኪሎ ሜትር ቆጣሪ አስብ። 00000 ላይ ቆሞ ሳለ አንድ ወደ ኋላ ቢዞር 99999 ይላል። የአንተም ቆጣሪ እንዲሁ ከዜሮ ላይ አንድ ወደ ኋላ ዞሯል።

ስለዚህ መዝገቡ የሚነግርህ አንድ ነገር ነው፦ ቀሪው ዜሮ ሳለ አንድ ከረጢት ወጥቷል። ከረጢቱ ደግሞ በእጅህ ነበረ። እንግዲያው ግምጃ ቤት ገብቶ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ገቢ አለ። የዓርብን የገቢ ደረሰኞች ፈልግ።


ባለ ቁልፉ (ገላን) — እሑድ፣ ከቀኑ 5 ሰዓት

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ከቤተ ክርስቲያን ስመለስ በቀጥታ ወደ ግምጃ ቤቱ ሄድኩ። ዓርብ ማምሻ ላይ ዝናብ እየዘነበ የወረደ የ200 ከረጢት ደረሰኝ፣ ረጥቦ ከሌላ ወረቀት ጀርባ ጋር ተጣብቆ አገኘሁት። በጥንቃቄ አላቅቄ መዘገብኩት። ቀሪው ወዲያው 199 ሆነ።

ወርጄ ቆጠርኩ። አሥር አሥር ከረጢት የያዙ ሃያ ቁልሎች አሉ፤ የመጨረሻው ላይ ዘጠኝ። 199።

አንድ ነገር ግን አሁንም ይከነክነኛል። ከአራት ቢሊዮን በላይ ላይ 200 ተጨምሮበት እንዴት 199 ሆነ?


መምህር ዘሰንዳፋ — እሑድ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ10

ያው ቆጣሪ ነው። 99999 ላይ አንድ ብትጨምር ወደ 00000 ይመለሳል። ከ200ው አንዱ ቆጣሪውን ወደ ዜሮ መለሰው፤ የቀሩት 199 ከዜሮ ጀምረው ተቆጠሩ። ማሽኑ አንድም ከረጢት አላጠፋም። ሰኞ በማብራሪያህ ላይ ይህን ጻፍ፤ ደረሰኙንም አያይዝ።


የ11ኛ ክፍል ተማሪ (ለገጣፎ) — እሑድ፣ ከቀኑ 9 ሰዓት ከ20

መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና እኔም ቁጥሩን ስከፋፍለው ዋልኩ። መጨረሻው 5 ስለሆነ ለ5 ይካፈላል፤ 858,993,459 መጣ። የዚህን አኃዞች ስደምር 60 ሆነ፤ ስለዚህ ለ3 ይካፈላል፤ 286,331,153። ከዚያ 7ን፣ 11ን፣ 13ን ሞከርኩ፤ እምቢ አለ። 17 ላይ እሺ አለኝ፤ 16,843,009። ከዚህ በኋላ ግን ብዙ ለፋሁ። 257 ላይ ስደርስ ነው የተካፈለልኝ፤ 65,537 ቀረ። እሱን ከዚህ በላይ መክፈል አቃተኝ። ብቸኛ ቁጥር (ከ1 እና ከራሱ በቀር አካፋይ የሌለው) ነው ወይስ እኔ ነኝ የደከምኩት?


መምህር ዘሰንዳፋ — እሑድ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ከ45

ልጄ፣ ይህን ሁሉ በእጅሽ ከሠራሽው በጣም ደስ ብሎኛል። ያገኘሻቸው ትክክል ናቸው፦ 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537። አሁን ደግሞ ያለ ምንም ማካፈል እንዴት እንደሚገኙ ተመልከቺ።

ቁጥሩ ላይ አንድ ብትጨምሪ 65,536 በራሱ ተባዝቶ የሚገኘው ይሆናል። ከአንድ ቁጥር ካሬ ላይ አንድ ሲቀነስ ደግሞ ውጤቱ ምን ጊዜም ከቁጥሩ በአንድ የሚያንሰውና በአንድ የሚበልጠው ብዜት ነው፤ 10 በ10 መቶ ነው፣ 9 በ11 ዘጠና ዘጠኝ ነው። ስለዚህ የኛ ቁጥር 65,535 በ65,537 ነው። 65,536 ራሱ 256 በ256 ስለሆነ፣ 65,535 ማለት 255 በ257 ነው። 255 ደግሞ 15 በ17፣ 15ም 3 በ5። ማሰሪያው አንዴ ሲፈታ ሌላው ሁሉ ተከትሎ ይፈታል።

65,537 ብቸኛ መሆኑን ለማረጋገጥ እስከ 256 ያሉትን ብቸኛ ቁጥሮች ሁሉ መሞከር ነበረብሽ፤ 54 ናቸው። ኦይለር የሚባል የስዊዘርላንድ የሒሳብ ሊቅ ግን ይህን ድካም አቀለለልን። 65,537ን የሚያካፍል ብቸኛ ቁጥር ለ32 ሲካፈል የግድ አንድ መትረፍ እንዳለበት አረጋገጠ። እስከ 256 ድረስ እንዲህ ያሉት 33፣ 65፣ 97፣ 129፣ 161፣ 193 እና 225 ናቸው፤ ከእነዚህ ብቸኞቹ 97 እና 193 ብቻ። 65,537 ለ97 ሲካፈል 62 ይተርፋል፤ ለ193 ሲካፈል 110 ይተርፋል። በቃ! በሁለት ማካፈል ብቻ 65,537 ብቸኛ መሆኑ ታወቀ።

ከሁሉ በላይ የምወደው ግን ቀጥሎ ያለውን ነው። 3፣ 5፣ 17፣ 257፣ 65,537 በአንድ ሥርዓት የሚወለዱ ናቸው፦ 2፣ 4፣ 16፣ 256፣ 65,536 እያልን ያለፈውን በራሱ እያባዛን በእያንዳንዱ ላይ አንድ እንጨምራለን። ቀጣዩ 4,294,967,297 ነው፤ ከባለ ቁልፉ ቁጥር በሁለት ብቻ ይበልጣል። ፈረንሳዊው ፌርማ እ.ኤ.አ. በ1640 ገደማ የዚህ ቤተሰብ ቁጥሮች በሙሉ ብቸኛ ናቸው ብሎ አመነ። ኦይለር ግን በ1732 ይህ 4,294,967,297 ለ641 እንደሚካፈል አሳየ። አንቺም አሁን ማሳየት ትችያለሽ፤ 65,536ን ለ641 ስታካፍዪ 154 ይተርፋል። 154ን በራሱ ስታባዢ 23,716 ነው፤ ይህን ለ641 ስታካፍዪ የሚተርፈው 640 ነው። አንድ ስትጨምሪበት 641 ይሆናል፤ የሚተርፍ የለም። ሌላው አካፋይ 6,700,417 ነው።

በአንድ ገጽ ጥግ ላይ የሚያልቅ ስሌት ነው፤ ሆኖም እስኪገኝ 92 ዓመት ፈጀ። ከአምስቱ በቀር የዚያ ቤተሰብ ሌላ ብቸኛ ቁጥር እስከ ዛሬ አልተገኘም። የባለ ቁልፉ ቁጥር የአምስቱም ብዜት ነው።


ጤፍ ነጋዴ (ሱሉልታ) — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት

እኔ የተማርኩት እስከ ስምንተኛ ክፍል ነው፤ ግን ይህን ካነበብኩ ወዲህ እንቅልፍ አጣሁ። አባቴ ሰንጠረዥ ይጫወት ነበር። በሰሌዳው የመጀመሪያ ቤት አንድ ፍሬ እህል፣ በሁለተኛው ሁለት፣ በሦስተኛው አራት እያሉ እስከ 64ኛው ቤት ስለ መሙላት ያወራልን ነበር። ልጄን በስልኳ አስደመርኳት። 32ኛው ቤት፣ ልክ ግማሹ ላይ ስትደርስ ድምሩ ይኸው ቁጥር ሆነ!

ታዲያ ምን ያህል ጤፍ ነው ብዬ አሰብኩ። ማኛ ጤፍ ቆንጥሬ ነጭ ወረቀት ላይ በተንኩ፤ ልጄና እኔ በመርፌ ጫፍ እየገፋን አሥር አሥሩን ለየን። ትንፋሽ እንኳ ያበነዋል፤ ሁለታችንም አፋችንን በነጠላ ሸፍነን ነበር። አንድ ሺህ ፍሬ ስንጨርስ ወርቅ የሚሠራ ጎረቤታችን ሚዛን ላይ አደረግነው፤ የግራም ሦስት አሥረኛ መዘነ። በዚህ ሒሳብ የባለ ቁልፉ ቁጥር 1,288 ኪሎ ያህል ይመጣል፤ 13 ኩንታል ሊሞላ 12 ኪሎ የጎደለው። ከመጋዘኔ ጥግ ላይ ተደርድሮ የሚታይ ጤፍ ነው። ቁጥሩ እንዲህ በዓይን ሊታይ የሚችል አልመሰለኝም ነበር።


መምህር ዘሰንዳፋ — ሰኞ፣ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ከ50

እናቴ፣ እጅዎ ይባረክ። ይህን ለተማሪዎቼ እነግራቸዋለሁ። በሰንጠረዡ ሙሉ 64 ቤት ላይ የሚኖረው ፍሬ 18,446,744,073,709,551,615 ነው፤ ይህም የባለ ቁልፉ ቁጥር ሲባዛ በ4,294,967,297፣ ማለትም ፌርማ ብቸኛ ነው ብሎ ባመነበት ቁጥር ነው። ያ የ13 ኩንታል ቁልል ከአራት ቢሊዮን ጊዜ በላይ ይደገማል ማለት ነው። ወደ 5.5 ቢሊዮን ቶን ይጠጋል፤ ለአገራችን የሺህ ዓመት ያህል የጤፍ ምርት ነው።


ፕሮግራም ጸሐፊ (አያት) — ሰኞ፣ ከቀኑ 7 ሰዓት

የመምህሩ ማብራሪያ ትክክል ነው። የዚያ ግምጃ ቤት ፕሮግራም ወጪ ከቀሪ ሲበልጥ ማስቆም ነበረበት፤ ይህ የጻፈው ሰው ጉድለት እንጂ የባለ ቁልፉ አይደለም።

ሆኖም በአንድ ነገር አልስማማም። ቁጥሩ ልዩ የሆነው መሐንዲሶች የማሽኑን ስፋት 32 ቤት ስላደረጉት ነው። 30 ቤት ቢመርጡ ኖሮ ዛሬ ስለ 1,073,741,823 እናወራ ነበር። የኢንተርኔት አድራሻዎችም በዚሁ በ32 ቤት የተወሰኑ ነበሩ፤ 255 አራት ጊዜ በነጥብ ተለያይቶ የሚጻፈው የመጨረሻው አድራሻ ይኸው ቁጥር ነው። ብዙ ኮምፒውተሮች ጊዜን የሚቆጥሩት ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ወዲህ ባለፉት ሰከንዶች ነው፤ ከ32ቱ ቤት አንዱ ለምልክት ስለሚያዝ የድሮዎቹ ማሽኖች በ2,147,483,647ኛው ሰከንድ፣ ጃንዋሪ 19 ቀን 2038 ቆጣሪያቸው ይሞላል። ይህ ሁሉ የሰው ምርጫ ያመጣው እንጂ የቁጥሩ ጠባይ አይደለም።


የባሕረ ሐሳብ ተማሪ (እንጦጦ ማርያም አካባቢ) — ሰኞ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ30

ወንድሜ ፕሮግራም ጸሐፊ ያነሣኸውን ቀን ወደ እኛ አቆጣጠር ስመልሰው እጄ ተንቀጠቀጠ። ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም. ነው፤ ጥምቀት! ሰዓቱም በግሪንዊች፣ በፈረንጆች ሰዓት አቆጣጠር ከሌሊቱ 3 ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ከሆነ፣ በእኛ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ14 ነው፤ ታቦታቱ በየባሕረ ጥምቀቱ አድረው፣ ሕዝቡ ውኃው ዳር ተሰብስቦ ባለበት ሰዓት።

ምልክት ባይኖርና 32ቱም ቤት ለቁጥር ቢሆን ግን እስከ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 2106 ይደርሳል። ይህን ስመልስ መጀመሪያ ጥር 30 አልኩ። በኋላ አሰብኩት፤ ፈረንጆቹ በ2100 ፌብሩዋሪ 29ን አይጨምሩም፣ እኛ ግን አራት ዓመታችንን ጠብቀን የጳጉሜን ስድስተኛ ቀን እንጨምራለን፤ ስለዚህ ልዩነታችን በአንድ ቀን ይሰፋል። ትክክለኛው እሑድ፣ ጥር 29 ቀን 2098 ዓ.ም.፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት ከ28 ነው።

በግእዝ ቁጥር ለሚወድ ደግሞ እነሆ፦ ፵፪፼፺፬፻፺፮፼፸፪፻፺፭። ቁጥሩን ከቀኝ ጀምሮ ሁለት ሁለት አኃዝ እያደረጉ ከፍሎ፣ በመካከላቸው ፻ን እና ፼ን እያፈራረቁ ማስገባት ነው። 42፣ 94፣ 96፣ 72፣ 95፤ በመካከሉ አንድም ዜሮ ስለሌለ የግእዙ ጽሕፈት ሙሉ ሆኖ ይወጣል።


መምህር ዘሰንዳፋ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት

የጥምቀቱን አላውቅም ነበር። አመሰግናለሁ፣ ወንድሜ። ያ 2,147,483,647 ራሱም ቀላል ቁጥር አይደለም፤ ኦይለር በ1772 ብቸኛ መሆኑን አረጋግጧል፤ እስከ 1867 ድረስ ከሚታወቁት ብቸኛ ቁጥሮች ትልቁ እሱ ነበር።

ለፕሮግራም ጸሐፊው ግን መልስ አለኝ። መሐንዲሶቹ 32ን መረጡ፤ እውነት ነው። ሆኖም ይህ ቁጥር ማሽን ሳይታሰብ በፊት በጂኦሜትሪ ውስጥ ነበረ። 30 ቤት ብትመርጡ የሚገኘው 1,073,741,823 አካፋዮቹ ውስጥ 7 እና 9 ይገባሉ፤ የኛው ቁጥር ውስጥ ግን ከአምስቱ በቀር ማንም የለም፣ እያንዳንዱም አንድ ጊዜ ብቻ ነው ያለው። ይህ ለምን እንደሚጠቅም ጋውስ የሚባል ጀርመናዊ ገና የ18 ዓመት ልጅ ሳለ በ1796 አየ፤ በ1801 ባሳተመው መጽሐፍ ውስጥ አስፍሮታል። በኮምፓስና ቁጥር በሌለው ማስመሪያ ብቻ ክብን እኩል መክፈል የሚቻለው ለስንት ነው የሚለውን ጥያቄ የሚፈቱት እነዚህ አምስት ቁጥሮች ናቸው። ከአምስቱ የፈለግኸውን መርጠህ፣ አንዱን ሁለት ጊዜ ሳትጠቀም ብታባዛ፣ ክቡ ለዚያ ያህል ይከፈላል፤ ያገኘኸውንም በ2 ደጋግመህ ዕጥፍ ብታደርገው ይሆናል። ከዚያ ቤተሰብ ብቸኛ ቁጥሮች ውጭ በሌላ እንደማይቻል ፈረንሳዊው ቫንትዜል በ1837 አረጋገጠ።

እንዲህ የሚገኙት፣ እስከ ዛሬ የሚታወቁት ጎዶሎ ቁጥሮች 31 ናቸው። ትንሹ 3 ነው፤ ትልቁ 4,294,967,295።


ብረታ ብረት (ቡራዩ) — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ15

መምህር፣ አሁን የእኔ ሙያ ውስጥ ገቡ። የግቢ በር እሠራለሁ። በበሩ መሃል የሚገባውን አበባ ላሜራ ላይ በኮምፓስ ጭሬ ነው የምከፍለው። ለ6፣ ለ8፣ ለ12 ምንም አያስቸግረኝም፤ 5ንም ከአባቴ ተምሬአለሁ። 7 ግን በ15 ዓመት ሥራ አንድ ቀን ልክ ገጥሞልኝ አያውቅም፤ እየሞከርኩ፣ እያጠበብኩ እያሰፋሁ ነው የማደርሰው። ጥፋቱ የእጄ ይመስለኝ ነበር። አሁን 7 ከዝርዝሩ ውስጥ የለም ማለት ነው?


መምህር ዘሰንዳፋ — ሰኞ፣ ከምሽቱ 3 ሰዓት ከ40

የለም። 9ም የለም፤ 3 ሁለት ጊዜ ስለሚገባበት። 11ና 13ም የሉም። ወንድሜ፣ እጅህ ላይ ጥፋት የለበትም።

15 ግን ይሆናል። ከአንድ ነጥብ ተነሥተህ በአንዱ ክብ ላይ ጎነ ሦስትም ጎነ አምስትም ጭረት። የጎነ ሦስቱ ሁለተኛ ጫፍ 120 ዲግሪ ላይ ይወድቃል፤ የጎነ አምስቱ ሦስተኛ ጫፍ 144 ዲግሪ ላይ። በመካከላቸው ያለው 24 ዲግሪ ነው፤ የክቡ አሥራ አምስተኛ ክፍል። ኮምፓስህን በዚያ ልክ ከፍተህ አዙር።


የ11ኛ ክፍል ተማሪ (ለገጣፎ) — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት

መምህር፣ ትናንት ማታ የፓስካልን ሦስት ማዕዘን (ዳሩ ሁሉ 1 ሆኖ፣ እያንዳንዱ የውስጥ ቁጥር ከላዩ ያሉት የሁለቱ ድምር የሆነበትን) ጻፍኩና ጎዶሎውን ሁሉ 1፣ ተጋማሹን 0 አደረግሁት። እያንዳንዱን መስመር በኮምፒውተር አጻጻፍ ሳነብበው 1፣ 3፣ 5፣ 15፣ 17፣ 51፣ 85፣ 255፣ 257 እያለ መጣ! እርስዎ ያሏቸው የክብ መክፈያ ቁጥሮች በተርታ ናቸው። 32ኛው መስመር ላይ 32 አንዶች ተሰለፉ፤ የባለ ቁልፉ ቁጥር።


መምህር ዘሰንዳፋ — ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ30

እነዚያ 32 መስመሮች የቁጥሩ አካፋዮች በሙሉ ናቸው፤ ከትንሹ እስከ ትልቁ በቅደም ተከተል። 33ኛው መስመር ሲጻፍ 4,294,967,297 ይወጣና ሰንሰለቱ ይበጠሳል፤ 641 እዚያ ይጠብቅሻል። ልጄ፣ የጻፍሽበትን ወረቀት አትጣዪው።


ባለ ቁልፉ (ገላን) — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6 ሰዓት ከ20

ማብራሪያዬን ሰኞ አስገባሁ። ደረሰኙን፣ የቆጠራውን ውጤትና 32ቱን መስመር አያይዤበታለሁ። ኃላፊዬ መስመሮቹን አንድ በአንድ እያጋመሰ እስከ መጨረሻው አረጋገጠ፤ ከዚያ ተነሥቶ ይቅርታ ጠየቀኝ። ሁላችሁንም አመሰግናለሁ።


ብረታ ብረት (ቡራዩ) — ማክሰኞ፣ ከቀኑ 11 ሰዓት

ደስ ብሎኛል፣ ባለ ቁልፉ።

መምህር፣ 15ቱን ላሜራ ላይ ሠራሁት፤ ልክ ገጠመ። ከዚያ 17ን በራሴ ልሞክር ብዬ ራዲየሱ 30 ሴንቲ ሜትር በሆነ ክብ ላይ 11 ሴንቲ ሜትር ለክቼ ዞርኩ። መጨረሻው ላይ 4 ሚሊ ሜትር ክፍተት ቀረብኝ። በኮምፓስ የሚሠራበትን መንገድ ቢነግሩኝ?


መምህር ዘሰንዳፋ — ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2 ሰዓት ከ10

ጎኑ 11 ሴንቲ ሜትር ከሩብ ሚሊ ሜትር መሆን ነበረበት፤ ያቺ ሩብ ሚሊ ሜትር ናት በ17 ዙር ወደ 4 ያደገችው። መንገዱ ይህ ነው፤ ቀስ ብለህ ተከተለኝ። ሪችመንድ የሚባል እንግሊዛዊ በ1893 ያቀረበው ነው።

የክቡን መሃል «መ» በለው። ከመ ወደ ቀኝ እስከ ክቡ ጠርዝ መስመር ስበህ ጫፉን «ሀ» በል፤ ከመ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣውን ጫፍ «ለ» በል። ከመ ወደ ለ በሚወስደው መስመር ላይ፣ ከመ በኩል ሩቡ ላይ «ሐ»ን አስቀምጥ። ሐን ከሀ ጋር አገናኝ። አሁን ሐ ላይ፣ በሐመ እና በሐሀ መካከል ያለውን ማዕዘን በኮምፓስ አጋምስ፤ ከመ በኩል ያለውን ግማሽ እንደገና አጋምስ። የወጣው መስመር መሀን የሚያቋርጥበት ቦታ «ሠ» ነው። ከሐሠ ወደ ግራ 45 ዲግሪ ክፈት፤ መስመሩ ከመ በስተግራ የሚያርፍበት «ረ» ይሁን። ከረ እስከ ሀ ያለውን ዲያሜትር አድርገህ ክብ ሥራ፤ መለን የሚቆርጥበት «ሰ» ነው።

ኮምፓሱን ሠ ላይ ተክለህ እስከ ሰ ክፈተው፤ አዙረህ አግድሙን መስመር በቀኝም በግራም ምልክት አድርግበት። ከሁለቱ ምልክቶች ቀጥ ያለ መስመር ወደ ላይ እስከ መጀመሪያው ክብ አውጣ። ሀን ዜሮ ብለህ ብትቆጥር የደረስህባቸው ሦስተኛውና አምስተኛው የ17 ነጥቦች ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለውን ቅስት አጋምሰው። አንድ ጎን አገኘህ።

ለ257 ሪኼሎት በ1832 መንገዱን ጽፏል፤ በአንተ ክብ ላይ ጎኑ 7 ሚሊ ሜትር ያህል ይሆናል። ለ65,537 ሄርመስ የሚባል ሰው 10 ዓመት ያህል ደከመበት፤ ጽሑፉ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ በሣጥን ተቀምጧል። እዚያ ጎኑ ከፀጉር ይቀጥናል። ለባለ ቁልፉ ቁጥር ደግሞ ክቡ በኬንያ የሚያልፈውን የምድር ወገብ ያህል ቢሆን እንኳ አንዱ ጎን ከ1 ሴንቲ ሜትር ያንሳል።


ብረታ ብረት (ቡራዩ) — ረቡዕ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት ከ15

ሁለት ጊዜ ተሳሳትኩ። የመጀመሪያው 45 ዲግሪውን ከሐመ ስለከፈትኩት ነው፤ ሁለተኛው የኮምፓሱ እግር ስለተንሸራተተ። በሦስተኛው ነጥቡን በነጥብ መምቻ ብረት መትቼ አጸናሁትና ዞርኩ። 17ኛው ጭረት የመጀመሪያው ነጥብ ውስጥ ገባ፤ ጥፍሬን ሳሳልፍበት የሚያደናቅፍ ጠርዝ የለም።

ደንበኛዬ ያዘዘው ባለ 12 ቅጠል አበባ ነበር። ላሜራውን አሳይቼው ቁጥሩ ከየት እንደመጣ ስነግረው 17 ይሁንልኝ አለ። ዓርብ እበይደዋለሁ።